ጉልበት ለመጨመር ጉልበት መስበር

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ሰጥቷል። ጉልበት አቅም ነው። ጉልበት ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያም ነው። ሁለተኛው ሲከዳ የመጀመሪያውም አብሮ እንደሚሄድ ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚታየው ግን አንዱን ጉልበት ለመጨመር ሲባል ሌላውን መክፈል ነው።

ደብረ ታቦር ላይ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ጎራ ያለ ሰው ትዕይንቱን አያጣውም። ብርዱ ከጉና በኩል ይወርዳል። መረብ የሌለው የቅርጫት ቀለበት አለ፤ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ከደረጃው ላይ ዘለው ይወርዳሉ፤ እንዳረፉ ወዲያው ወደ ላይ ይተኮሳሉ። አንዱ ሸራ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ሶሉ ያለቀ የወንድሙን ጫማ። ስልክ የያዘው ልጅ ቪዲዮውን እያየ ቁጥር ይጠራል። «ሠላሳ ቀረ!» ሁሉም የሚያየው ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ነው። እንዴት እንደሚያርፉ የሚያይ የለም።

ልምምዱ ስም አለው፤ ፕላዮሜትሪክ ይባላል። በአጭሩ ጡንቻንና ጅማትን እንደ ላስቲክ መጠቀም ነው። ላስቲክ ሲሳብ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅ ይመልሰዋል። እግርም መሬት ሲነካ የባትና የጭን ጡንቻ ይለጠጣል፤ ወዲያው ከተኮማተረ ያጠራቀመውን ኃይል ለዝላይ ያውለዋል። ቁም ነገሩ «ወዲያው» የሚለው ቃል ላይ ነው። በፈጣኑ የልምምድ ዓይነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከሩብ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ከዘገየ የተጠራቀመው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ከከፍታ ወርዶ ወዲያው የመዝለልን ስልት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው የሶቪየት ኅብረቱ አሰልጣኝ ዩሪ ቬርኮሻንስኪ ነው። «ፕላዮሜትሪክ» የሚለውን ስም በ1975 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው ደግሞ አሜሪካዊው ሯጭና አሰልጣኝ ፍሬድ ዊልት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቬርኮሻንስኪ ስልት የተቀመረው ለዓመታት ክብደት እያነሱ ጡንቻቸውን ላዘጋጁ፣ አጥንታቸው ለጠነከረ አዋቂ ስፖርተኞች ነው። ስልክ ላይ ያለው ቪዲዮ ይህን አይናገርም። «በ12 ሳምንት ቀለበቱን ትነካለህ» ብሎ ያልፋል።

ልምምዱ ይሠራል ወይ? ይሠራል። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቅርጫት ኳስ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ የተሰቀለ ጨዋታ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚዘል ልጅ ኳስ ያወርዳል፣ ይከላከላል፣ ያገባል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ለማስተርስ ማሟያ ከሚሠሩ ጥናቶች መካከል «የፕላዮሜትሪክ ልምምድ በታዳጊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ያለው ለውጥ» የሚሉት በርካታ ናቸው። አካሄዳቸውም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሁለት ቡድን ይመደባል፤ አንዱ ለጥቂት ሳምንታት ይዘላል፣ ሌላው የተለመደውን ይሠራል፤ በፊትና በኋላ ዝላይ ይለካል። የዘለለው ቡድን ይጨምራል። ጥናቱ ይታሰራል፣ ይጸድቃል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ሁለት ጥያቄዎች ግን ይቀራሉ። አንደኛ፣ ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በየወረዳው ልጆችን የሚያሠራው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እጅ አይገባም። ሁለተኛ፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር የሚለካው የዝላይ ከፍታ ነው። ልጁ ከዓመት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ተመልሶ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ስለዚህ ሜዳው ላይ የደረሰው «ይሠራል» የሚለው ግማሽ ዜና ብቻ ነው። «ለማን፣ ስንት፣ በምን ላይ» የሚለው ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

የቀረው ግማሽ ምን ይላል?

መጀመሪያ ሒሳቡ። ከዝላይ በኋላ በሚያርፍ እግር ላይ የሚመጣው ጫና ከሰውነት ክብደት ከአራት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለ ሥርዓት ሲያርፍ ሁለት ኩንታል እግሩ ላይ ወረደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ ችግር የለም፤ ሰውነት ለዚህ ተሠርቷል። ሁለት መቶ ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ሲሚንቶ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ዘርፉ በአሠራር የሚከተለው መመሪያ ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 የእግር ንክኪ ይበቃል ይላል፤ በሁለት ልምምዶች መካከልም ቢያንስ ከ48 እስከ 72 ሰዓት እረፍት ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ማለት ነው። በየማለዳው አይደለም።

ቀጥሎ ዕድሜ። ልጅ በአንድ ወቅት ድንገት ይመዘዛል፤ እናት «ሱሪው ትናንት ልኩ ነበር» የምትልበት ጊዜ ነው። ሴት ልጅ 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንድ ልጅ 14 ዓመት አካባቢ። በዚህ ወቅት አጥንት ጡንቻንና ጅማትን ቀድሞ ይረዝማል። የጭን ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ ቅልጥም ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ገና ልም አጥንት ነው። ያንን ቦታ በየቀኑ መሳብ ያሳብጠዋል፤ ከጉልበት ሎሚ በታች እብጠት ይወጣል፤ ሲነኩት ያማል፤ መንበርከክ ያስቸግራል። ሕመሙ በ1903 (እ.ኤ.አ.) ለየብቻ በገለጹት ሁለት ሐኪሞች ስም ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። ልጁ ግን ስሙን አያውቅም። «ጉልበቴን አመመኝ» ሲል «ለምዶት ነው፣ ይተወዋል» ይባላል። ወይም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። ይህ ሕመም የሚፈልገው መታሸትን ሳይሆን ዝላይ ቀንሶ ማረፍን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እድገቱ ሲያበቃ በራሱ ይሄዳል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው እያመመው ዝለል ሲባል ነው።

የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ጉልበት ውስጥ ጭንንና ቅልጥምን አስሮ የያዘው፣ የኳስ ተመልካች ሁሉ «ኤሲኤል» ብሎ የሚያውቀው ጅማት፣ ቅርጫት ኳስ በሚጫወቱ ሴቶች ላይ ከወንዶቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይበጠሳል። አንዱ ምክንያት አስተራረፍ ነው፤ ጉልበት ሲያርፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ደስ የሚለው ነገር ይህ በልምምድ የሚስተካከል መሆኑ ነው። ያውም በራሱ በፕላዮሜትሪክ። ማረፍን አስቀድሞ የሚያስተምር የዝላይ ልምምድ የጉልበት ጉዳትን እንደሚቀንስ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተደጋግሞ ታይቷል። ያው ልምምድ በአንድ አሠራር ያድናል፣ በሌላ አሠራር ይሰብራል። ጅማቱ ለተበጠሰባት የጉና ሥር ልጅ ቀዶ ሕክምናና የወራት ማገገሚያ ለቤተሰቧ የማይታሰብ ወጪ ነው። እሷ ጨዋታ ብቻ አይደለም የምታጣው። ውኃ መቅዳት፣ ዳገት መውጣት፣ ሩቅ ትምህርት ቤት መመላለስ ሁሉ በዚያ ጉልበት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሳህኑ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው እንደቀነጨሩ አሳይቶ ነበር። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። መንግሥት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በዚያ ዳሰሳ የተለኩት ሕፃናት ዛሬ የት አሉ? ከ10 እስከ 15 ዓመት ሆኗቸው ሜዳው ላይ ናቸው። አሁን ከደረጃው የሚዘሉት እነሱ ናቸው። በምግብ እጥረት ያደገ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ይበስላል፤ ዕድሜው 15 ሆኖ አጥንቱ የ13 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት ገጠር ዕድሜው ራሱ በግምት ነው። ስለዚህ «ከ15 ዓመት በላይ ነው፣ ይችላል» የሚለው ሚዛን ብዙ አያስኬድም።

ይህ ማለት የጉና ልጅ አይችልም ማለት አይደለም። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ባቄላው እዚያው ይበቅላል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል እርስ በርስ ይሞላሉ፤ ሽሮ በእንጀራ የሚናቅ ምግብ አይደለም። ነገር ግን በ55 ቀኑ የሁዳዴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉ ምግብ ያልነካ ታዳጊ በማለዳ ከባድ ዝላይ ሲሠራ ሰውነቱ የሚጠግንበት ነገር የለውም። አስተዋይ አሰልጣኝ በዚያ ወቅት ዝላዩን ይቀንሳል፤ የኳስ አያያዝ፣ ቅብብልና ውርወራ ያሠራል። ጾሙም ይጾማል፣ ጉልበቱም ይተርፋል።

ስለ ከፍታውም ብዙ ይባላል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየር የሳሳበት አገር ለሩጫ ልምምድ መልካም ነው፤ ለአንድ ነጠላ ዝላይም ከፍታው እንቅፋት አይሆንም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በ2,240 ሜትር ላይ በተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ቦብ ቢመን 8 ሜትር ከ90 ዘልሎ ዓለምን አስደንቋል፤ በዚያው ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ ማራቶን አሸንፏል። ከፍታው የሚያስቸግረው በዝላይና በዝላይ መካከል ባለው ማገገሚያ ላይ ነው። ትንፋሽ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። የደከመ እግር ደግሞ በሥርዓት አያርፍም። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተቀረጸ ቪዲዮ «30 ሰከንድ እረፍት» ካለ፣ ጉና ሥር ያለው ልጅ ደቂቃና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ የሰማ ወላጅ «እንግዲያው ይቅርባቸው» ሊል ይችላል። ይህም ስህተት ነው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ በአሜሪካ ኦሪገን የተካሄደ አንድ ጥናት ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆችን ለሰባት ወራት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ61 ሳንቲሜትር ሣጥን ላይ 100 ጊዜ አዘለለ። ልጆቹ አልተጎዱም፤ የዳሌና የወገብ አጥንታቸው ካልዘለሉት በልጦ ጠነከረ። ዝላይ ለልጅ አጥንት ምግብ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? እነዚያ ልጆች ቁጥር ነበራቸው፣ ቀን ነበራቸው፣ አጠገባቸው ቆሞ የሚያይ ሰው ነበራቸው።

ደግሞስ ዝላይ ለዚህ አገር ልጅ መቼ አዲስ ሆነ? ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ሴት ልጆች በአንድ እግር ዘለው፣ መስመር ሳይረግጡ፣ ሚዛን ጠብቀው ያርፋሉ። ስሙ ባይታወቅም ይህ ፕላዮሜትሪክ ነው፤ ያውም ማረፍን የሚያስተምረው ደህናው ዓይነት። መስመር የረገጠች ትወጣለች፤ ስለዚህ እያንዳንዷ አስተራረፏን ትጠብቃለች። የገመድ ዝላይም እንደዚሁ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ፈጣን፣ በጣት ጫፍ። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ከተማዋ ስሟን የምትጋራውን በዓል ስታከብር ልጆች ዱላ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ የሚዘሉት ሣርና ጭቃ ላይ ነው። ችግሩ የመጣው ልጆች ስለዘለሉ አይደለም። ጨዋታው የነበረው ሥርዓት ተትቶ ቁጥሩና ከፍታው ብቻ ስለቀረ ነው።

አሰልጣኞቹን ብቻ መውቀስም ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አብዛኞቹ ከመደበኛ ማስተማር በተጨማሪ በራሳቸው ፈቃድ የሚሠሩ መምህራን ናቸው። የሚጠየቁት ዋንጫ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ «ስንት ሜዳልያ አመጣህ» ይባላሉ እንጂ «ስንት ልጅ በጤና አደረስህ» አይባሉም። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይነገራቸዋል፤ በሦስት ሳምንት የአንድ ዓመት ሥራ ለማምጣት ይሮጣሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«በዚህ ጊዜ የቅርጫት ኳስ ጉልበት ወሬ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ግን መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። በአብዛኛው ከተማ የስፖርት ሜዳ ማለት የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሜዳውም፣ ስፖርት መምህሩም አብረው ይዘጋሉ። ልጁ የሚቀረው ከስልኩ ጋር ብቻውን ነው። የሚያየው ሰው በሌለበት የሚዘለው ያኔ ነው። በሌላ በኩል ሜዳው ክፍት በሆነበት ቦታ፣ ኳሱ ልጅን ከብዙ ነገር አውጥቶ ለሁለት ሰዓት ልጅ ያደርገዋል። ያንን ሁለት ሰዓት በጉዳት ማጣት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

ምን ይደረግ? አብዛኛው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም።

፩. ማረፍ ከመዝለል ይቅደም። ማንም ልጅ ከከፍታ እንዲወርድ ከመፈቀዱ በፊት ባለበት ዘሎ በሁለት እግሩ፣ ጉልበቱ ከጣቱ አቅጣጫ ሳይወጣ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይወላገድ መቆም ይቻል። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። እንደ ድመት ያረፈ ልጅ ድምፅ የለውም። «ዷ!» ካለ ገና ነው።

፪. ሲሚንቶውን ለኳስ፣ ሣሩን ለዝላይ። በጉና ዙሪያ የሣር ሜዳ አይጠፋም። ክረምት ላይ ሲንሸራተት ደግሞ ይቅር፤ ጥቂት ሳምንት ሳይዘሉ ማሳለፍ ማንንም አይጎዳም።

፫. ደብተር ይያዝ። የእያንዳንዱ ልጅ የዝላይ ቁጥር በቀን ይመዝገብ። በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ቁመቱ ይለካ። ድንገት የተመዘዘ ልጅ ካለ ለእሱ ዝላዩ ይቀንስ። እርሳስና ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት የለም።

፬. ሕመም ይደመጥ። ከጉልበት ሎሚ በታች የሚያመው ልጅ «ሰነፍ» አይባል። አመመኝ ማለት የማያሳፍርበት ቡድን ልጆቹን ለረጅም ጊዜ ያቆያል።

፭. ዩኒቨርሲቲዎቹ ከመደርደሪያ ይውረዱ። ባሕር ዳርና ጎንደር ያሉት የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች፣ እዚያው ከተማው ውስጥ ያለው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም፣ አንድ የማስተርስ ጥናት ሲጸድቅ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ለትምህርት ቤቶች ይላክ ብለው ቢደነግጉ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። ተመራቂ ተማሪዎችም ልምምዳቸውን በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቢያደርጉት፣ ቢያንስ የሚያርፉትን ልጆች የሚያይ አንድ ዓይን ይጨመራል።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስወለዱበት ቦታ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የዘገየው ጎታች ሰው ጠፍቶ አልነበረም። መድፉ አንድ እርምጃ ከመሄዱ በፊት ከፊቱ መንገድ መሠራት ስለነበረበት ነው። ገደሉ ተቆርጦ፣ ዳገቱ ተደልድሎ፣ ከዚያ ነው የሚጎተተው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር ይባላል።

የልጅም እግር እንደዚሁ ነው። መንገዱ ሳይሠራ ክብደቱን ማስኬድ መድፉንም መንገዱንም ማጣት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል። እንቁላሉ እስኪሄድ ድረስ ግን ማንም ከደረጃ ላይ አይወረውረውም።